ዲስክ ድንጋይ አይደለም፦ ለአንድ የአወራወር ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በወዳጆቼ መካከል ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ብዙዎቻችን ፍሪዝቢ በሚለው የንግድ ስሙ የምናውቀውን የሚበር ዲስክ አርቆና አቅንቶ መወርወርን ለጀማሪዎች ያስተምራል። የጽሑፉ ምክር ሲጨመቅ ይህን ይመስላል። ርቀት የሚገኘው ከክንድ ጉልበት ስለሆነ ክንዳችሁን አፈርጥሙ። ዲስኩ እንዲርቅ የፊት ጠርዙን ቀና አድርጋችሁ ልቀቁት። አየር ላይ የሚያቆየው መሽከርከሩ ነው። መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ከታጠፈባችሁ ስትለቁት የእጅ አንጓችሁን ገልብጡ። ነፋስ ከፊት ከመጣ ጉልበት ጨምሩ። ከመወርወራችሁ በፊት ሦስት እርምጃ ሩጡ፤ ፎርሃንድ የሚባለውን፣ መዳፍ ወደ ላይ እያየ ከጎን የሚለቀቀውን አወራወር ደግሞ ክርን ስለሚጎዳ እርሱት። አዲስ አበባ ያላችሁ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ዲስክ ስትገዙም ፈጣኑን ምረጡ።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ልጆቻቸውን ይዘው ቅዳሜና እሑድ ወደ መናፈሻ ከሚወጡ ወገኖቻችን መካከል ዲስክ መወርወር የጀመሩ አሉ። በአማርኛ ስለዚህ ስፖርት የተጻፈ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። ያገኙትን አንድ ጽሑፍ አምነው ክረምቱን ሙሉ በተሳሳተ መንገድ ሲደክሙ ማየት ደግ አይደለም። ጸሐፊው ትከሻና አንጓን አስቀድሞ ስለማሟሟቅ፣ ብቻን ከመወርወር ይልቅም ከሰው ጋር እየተቀባበሉ ስለመለማመድ የጻፉት ልክ ነው። በሌላው ግን አልስማማም።

ከጉልበቱ ልጀምር። ጸሐፊው ለማስረጃ የጠቀሱት ዴቪድ ዊጊንስ የተባለውን አሜሪካዊ ነው። ዊጊንስ እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቫዳ ውስጥ ፕሪም በምትባል ስፍራ 338 ሜትር ወርውሯል። ክብረ ወሰኑ እውነት ነው። ነገር ግን የተወረወረው በረሃ ላይ፣ ነፋስ ከኋላ እየገፋ፣ ለርቀት ብቻ በተሠራ ቀጭን የዲስክ ጎልፍ (ዲስክን ወደ ቅርጫት የመወርወር ጨዋታ) ዲስክ ነው። ዊጊንስ ደግሞ ገና በልጅነቱ የእኩዮቹን ክብረ ወሰን ይሰብር የነበረ ነው። የልጅ ክንድ ምን ያህል ጡንቻ አለው? ልጁ ያወቀበት የሰውነትን ቅደም ተከተል ነው።

በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህን ነገር በእጁ ያውቀዋል። የጅራፉ እጀታ የሚንቀሳቀሰው በዝግታ ነው፤ ፍጥነቱ ከእጀታው ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ጫፉ እየተላለፈ ሲሄድ ያድጋል፤ የሚጮኸውም ጫፉ ብቻ ነው። ባክሃንድ በሚባለው አወራወር፣ ማለትም ክንድ በደረት ፊት ተሻግሮ በሚለቀው ውርወራ፣ እጀታው እግርና ዳሌ ነው። ቀኝ እጃችሁን የምትጠቀሙ ከሆነ ቀኝ ትከሻችሁን ወደ ዒላማው አዙራችሁ በጎን ትቆማላችሁ። የኋላው እግር ይገፋል፤ ክብደታችሁ ወደ ፊተኛው እግር ይሻገራል፤ ዳሌ ቀድሞ ይዞራል፤ ትከሻ ይከተለዋል። ክርን ታጥፎ ወደ ፊት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው የፊት ክንድ የሚዘረጋው፤ ከሁሉም መጨረሻ አንጓ ይፈተለካል። ክንዱን ከመጀመሪያው አጠንክሮ የያዘ ሰው ይህን ሰንሰለት ገና ከመነሻው ይቆልፈዋል። ጉልበተኛ ጎረምሶች ዲስክ ሲወረውሩ ከቀጫጭን ልጆች የሚያንሱት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው አንድ ጉዳይ አለ። እጅ ዲስኩን ወደ ኋላ ወስዶ ወደ ፊት ሲመልስ በደረት አጠገብ በቀጥታ መስመር ማለፍ ይገባዋል። ጀማሪ ግን ሰውነቱን እየዞረ በግማሽ ክብ ይጎትተዋል። በክብ የተጎተተ ዲስክ ጥቂት ቀድሞ ከተለቀቀ ወደ ግራ፣ ጥቂት ዘግይቶ ከተለቀቀ ወደ ቀኝ ይበራል፤ ትክክለኛዋ ቅጽበት ከዓይን ጥቅሻ ታጥራለች። መስመሩ ቀጥ ሲል ግን ጥቂት መዘግየትም ሆነ መቅደም ያን ያህል አይጎዳም። ዲስካችሁ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ የሚሄድባችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምትመረምሩት ይህን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት እንምጣ። ጸሐፊው የፊት ጠርዙን ቀና አድርጉ ይላሉ። ምክንያታቸው ድንጋይ ወደ ላይ ሲወረወር እንደሚርቅ ዲስክም እንዲሁ ነው የሚል ነው። ከምክሮቻቸው ሁሉ ብዙ ርቀት የሚበላው ይህ ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። አንደኛው ዲስኩ የሚጓዝበት መስመር ከመሬት አንጻር ያለው አቅጣጫ ነው፤ ሁለተኛው የዲስኩ ገጽ ከሚጓዝበት መስመር አንጻር ያለው ዘንበል ነው። ዲስክን ወደ ላይ መወርወር ይቻላል፤ አንዳንዴም ያስፈልጋል። የፊት ጠርዙ ግን ከሚሄድበት መስመር በላይ ቀና ካለ አየሩን በሆዱ ይገፋዋል። በመጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወርዋሪውም ይደሰታል። ወዲያው አየር ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ይበረታና ፍጥነቱን ይጨርሳል፤ ዲስኩ ሰማይ ላይ ቆም ይላል፤ ከዚያ ወደ ግራ ተኝቶ ይወርዳል። እንዲያውም አንዳንዴ ወደ ወርዋሪው ይመለሳል።

ለመሆኑ ዲስክ ቀና ሳይል የሚያነሳው ምንድን ነው? ቅርጹ ነው። የላይኛው ገጽ ጎበጥ ያለ በመሆኑ በሚጓዝበት መስመር ላይ ዝርግ ሆኖ ሲበር እንኳ ወደ ላይ የሚያነሳ ኃይል ያገኛል። ፖትስ እና ክራውዘር የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር በማንችስተር በነፋስ ዋሻ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል፤ ማንሳቱ የሚጠፋው የፊት ጠርዙ ከዝርግ በታች ጥቂት ዲግሪ ሲወርድ ነው፤ የኋላ ጉተታው ትንሹ የሚሆነውም በዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ከፍ አድርጎ መወርወር የፈለገ ሰው መላ ሰውነቱን ነው ዘንበል የሚያደርገው። የፊተኛው ትከሻ ጥቂት ከፍ ይላል፤ እጅ የሚያልፍበት መስመርም ሽቅብ ይሆናል፤ ዲስኩ በዚያው መስመር ላይ ይተኛል።

የፊት ጠርዝ ሳይታሰብ የሚነሳው በእጅ አንጓ ነው። አንጓ ወደ አውራ ጣት ወገን ከተሰበረ ጠርዙ ይነሳል፤ ወደ ትንሿ ጣት ወገን ጥቂት ዝቅ ካለ ይወርዳል። ይህ ዓይን የማያየው ትንሽ ነገር ስለሆነ ስልካችሁን ለጓደኛችሁ ሰጥታችሁ በጎን በኩል በዝግታ አስቀርጹ። ከኋላ የተቀረጸ ቪዲዮ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም። ሲለቀቅ የፊት ጠርዙ ዲስኩ ከሚሄድበት መስመር በላይ ቀና ብሎ ካያችሁ ሥራችሁ እዚያው ነው፤ ፑሽ አፑን ለሌላ ቀን አቆዩት።

መሽከርከሩ ዲስኩን አየር ላይ ያቆየዋል የሚለው ሦስተኛው ነጥብ በግማሽ ልብ የሚታለፍ አይደለም፤ የቀሩት ስህተቶች ከዚህ ይወለዳሉና። ቤታችሁ ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ዲስኩን በጣታችሁ ላይ አሽከርክራችሁ ወደ ፊት ሳትወረውሩ ጣታችሁን ከሥሩ አውጡ። ሳይሽከረከር ጠፍጣፋ ሆኖ ከተለቀቀው ዲስክ ጋር እኩል ይወድቃል። የሚያነሳው ወደ ፊት የመጓዝ ፍጥነት ነው፤ ማንሳቱም ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። መሽከርከር የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፦ የተለቀቀበትን ዘንበል ይጠብቃል። ሳይሽከረከር የተወረወረ ዲስክ ጥቂት ሜትር ሄዶ ይገለበጣል፤ ምክንያቱም አየሩ የሚያነሳበት ነጥብ ከዲስኩ መሐል ጋር አይገጥምም። ነጥቡ ከመሐል ወደ ፊት ሲሆን የፊት ጠርዙን ሊያነሳ፣ ወደ ኋላ ሲሆን ሊደፋ ይሞክራል።

የሚሽከረከር ነገር ግን የተገፋበትን አቅጣጫ በቀጥታ አይቀበልም፤ ግፊቱን በዘጠና ዲግሪ አዙሮ ይመልሰዋል። በቀኝ እጅ ባክሃንድ የተወረወረ ዲስክ ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል። ሲፈጥን አየሩ የፊት ጠርዙን ሊደፋ ስለሚሞክር ዲስኩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። እየዘገየ ሲሄድ መውረድ ይጀምራል፤ አየሩም ከሥር ይመጣበታል፤ የማንሻው ነጥብ ወደ ፊት ይሸሽና ጠርዙን ሊያነሳ ይሞክራል፤ ዲስኩም ወደ ግራ ይተኛል። ጸሐፊው እንደ ጉድለት የቆጠሩት የመጨረሻው የግራ መታጠፍ ይኸው ነው። በፎርሃንድ ወይም በግራ እጅ ባክሃንድ ስትወረውሩ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል። መሽከርከሩ ሲበዛ ይህ ማዘንበል ይዘገያል እንጂ አይቀርም። የዲስክ ጎልፍ ባለሙያዎች በደቂቃ ከ1,000 ዙር በላይ የሚያሽከረክሩት ለዚህ ነው።

የዲስኩ አሠራርም ይህንን ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ1957 ዋም-ኦ የተባለው ኩባንያ ከፍሬድ ሞሪሰን የገዛው ዲስክ ሲንገዳገድ የሚያስቸግር ነበር። ኤድ ሄድሪክ የተባለው የኩባንያው ሰው በ1960ዎቹ አሻሻለው፤ በላይኛው ገጽ ላይ ክብ ክብ መስመሮች ጨመረበትና በ1967 የፈጠራ መብቱ ተሰጠው። ክብደቱ ወደ ጠርዙ የተከማቸ ዲስክ አንዴ ከተሽከረከረ በቀላሉ አይናወጥም። (ሄድሪክ የዲስክ ጎልፍን ባለ ሰንሰለት ቅርጫትም የፈጠረ ነው። በ2002 ሲሞት አመዱ እንደ ፍላጎቱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ሆኗል። ከዚህ የበለጠ ለሙያው የታመነ ሰው አላውቅም።)

እንግዲህ አንጓን ገልብጡ የሚለው ምክር ምን ያደርጋል? ዲስኩ እየተለቀቀ ሳለ አንጓ ሲገለበጥ፣ ዲስኩ በአንድ ዘንግ መሽከርከሩ ቀርቶ እየተንገዳገደ ይወጣል። የሚንገዳገድ ዲስክ አየሩን በሁሉም ወገን ስለሚቧጥጥ ፍጥነቱን ቶሎ ይጨርሳል። ፍጥነቱን ቶሎ የጨረሰ ደግሞ ቶሎ ወደ ግራ ይተኛል። መድኃኒቱ በሽታውን አባባሰው ማለት ነው። የግራ መታጠፉን ማስቀረት ሳይሆን ማቀድ ነው የሚያዋጣው። ከዒላማው ጥቂት ወደ ቀኝ ትልካላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ዲስኩ ከልክ በላይ ወደ ግራ ከሄደ ሁለት ነገር ትፈትሻላችሁ፦ የፊት ጠርዙ ቀና ብሎ እንደሆነና የሽክርክሪቱ መጠን አንሶ እንደሆነ። ዘንበሉን መለወጥ ካስፈለገ ከወገባችሁ ጎንበስ ወይም ቀና ትላላችሁ፤ ክንድና ዲስክ ከደረታችሁ ጋር አብረው ያዘነብላሉ፤ አንጓ በዚህ ጉዳይ ውስጥ አይገባም።

ስለ አያያዝ ጸሐፊው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨብጣችሁ ያዙ ብለዋል። አጭር መልስ፦ ሲጀመር ላላ፣ ሲለቀቅ ጠበቅ። በሙሉ ኃይል የተጨበጠ እጅ አንጓውን አያፍታታም።

ከፊት የሚመጣ ነፋስን በጉልበት አሸንፉ የሚለው ደግሞ በሒሳብ ይታይ። በሴኮንድ 20 ሜትር የወረወራችሁት ዲስክ በሴኮንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊቱ ቢገጥመው፣ ከአየሩ ጋር የሚገናኘው በ25 ሜትር ፍጥነት ነው። ማንሳቱ ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ከግማሽ በላይ ጨመረ። ዲስኩ በድንገት ከተወረወረበት በላይ ፈጣን ሆኗል፤ ስለዚህ ሽቅብ ይዘላል፤ ወደ ቀኝ ማዘንበሉም ይብሳል። በዚህ ላይ ጉልበት ስትጨምሩበት ወደ ቀኝ ተገልብጦ መሬት ላይ እንደ ጎማ ይንከባለላል። የሚሠራው ተቃራኒው ነው፦ ዝቅ አድርጎ፣ ከተለመደው ኃይል ሳያልፉ፣ ብዙ አሽከርክሮ፣ ከሰውነት የሚርቀውን ጠርዝ ጥቂት ዝቅ አድርጎ መልቀቅ። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ ዲስኩ ከአየሩ ጋር የሚገናኝበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ማንሳቱ ይደክማል፤ ቶሎም ወደ ግራ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከፍ ተደርጎ ይላካል። የፕሪሙ ክብረ ወሰንም እንዲህ ከፍ ብሎ በነፋስ የተሸከመ ውርወራ ነው።

ሦስት እርምጃ ሩጡ የሚለውን ሳነብ ጸሐፊው የትኛውን ጨዋታ እያሰቡ እንደሆነ ግራ ገባኝ፤ ጽሑፋቸው ለአልቲሜት ተጫዋቾች ነው ይላልና። አልቲሜት እ.ኤ.አ. በ1968 በኒው ጀርሲ ሜፕልዉድ የኮሎምቢያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የጀመሩት የቡድን ጨዋታ ነው። በሕጉ መሠረት ዲስክ ይዞ መሮጥ ክልክል ነው። የተቀበለ ሰው በተቻለ ፍጥነት ይቆማል፤ አንድ እግሩን ይተክላል፤ በዚያ ላይ እየዞረ ይወረውራል። ሦስት እርምጃ የሮጠ ተጫዋች ውርወራው ምንም ቢያምር ሕግ ጥሷል። በዲስክ ጎልፍ ግን መንደርደር ይፈቀዳል፤ ያም ቢሆን አብዛኛው ርቀት ቆሞ ከሚወረወረው ይገኛል። ቆሞ ያላቀናውን ሮጦ የሚያቀና የለም።

ፎርሃንድን እርሱት ማለታቸውም ከዚሁ አለማወቅ የመጣ ይመስላል። በአልቲሜት አንድ ተከላካይ ፊታችሁ ቆሞ እስከ አስር ሴኮንድ እየቆጠረ አንዱን ወገን ይዘጋባችኋል። የሚዘጋው የባክሃንዱን ወገን ከሆነ ፎርሃንድ የሌለው ተጫዋች ምን ያደርጋል? ክርን ይጎዳል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም አልልም፤ ሳይሟሟቁ በትከሻ ጉልበት ደጋግሞ መምታት በእርግጥ ያሳምማል። ግን ፎርሃንድ የትከሻ ውርወራ አይደለም። የመሐል ጣት በጠርዙ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይጠጋል፤ ጠቋሚ ጣት ለጀማሪ ወደ ዲስኩ መሐል ተዘርግቶ ይደግፋል፤ አውራ ጣት ከላይ ይጫናል። ክርን ወደ ዳሌ ቀረብ ይላል። መዳፍ ከመነሻው እስከ መልቀቂያው ወደ ሰማይ ያያል፤ ወደ መሬት ከዞረ ዲስኩ ይንገዳገዳል። እንቅስቃሴው አጭር ነው፤ ሥራውን የሚሠራው የአንጓ ፍትለካ ነው። አስር ሜትር ላይ ሳይንገዳገድ እስኪደርስ ድረስ አስራ አምስት ሜትር አትሞክሩ።

የአዲስ አበባ አየር ጉዳይ ደስ የሚል ጉዳይ ነው፤ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ይሳሳል። ኳስ በዚህ አየር ይርቃል፤ የሚጎትተው ቀንሷልና። ዲስክ ግን ኳስ አይደለም፤ የሚጎትተው ሲቀንስ የሚያነሳውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ ተንሳፍፎ የሚቆይ ለስላሳ ውርወራ አዲስ አበባ ላይ ቶሎ ይሰምጣል። ክብደቱን ለመሸከም ከፊት ቀና ማለት ስለሚያስፈልገው የግራ መታጠፉም ይቀድማል። እዚያ የሚወረውር ሰው ቀለል ያለና በቀላሉ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ዲስክ ቢይዝ ይሻለዋል። ስስ አየር የሚጠቅመው ፍጥነቱን አስቀድሞ ላገኘ ወርዋሪ ነው።

ይህም ወደ ግዢው ምክር ይወስደናል። በብዙ የዲስክ ጎልፍ ዲስኮች ላይ አራት ቁጥሮች ታትመዋል፤ የመጀመሪያው የሚፈልገውን ፍጥነት ያመለክታል። 12 ወይም 13 የተጻፈበት ዲስክ በዚያ ፍጥነት ካልተወረወረ ሊሠራ የታሰበውን አይሠራም፤ በጀማሪ እጅ ከተለቀቀበት ጀምሮ ወደ ግራ መውረድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ባለሙያዎች በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየወረወሩ ነው እነዚያን ዲስኮች የሚያዝዟቸው። ለዲስክ ጎልፍ ጀማሪ ከ2 እስከ 5 ያለው ይበቃዋል፤ ስህተቱንም በግልጽ ያሳየዋል፤ ቀና ካለ ይቆማል፤ ከተንገዳገደ ይታያል። ለአልቲሜት ደግሞ ምርጫ ውስጥ መግባት አያስፈልግም፦ 175 ግራም የሚመዝን፣ ስፋቱ 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ዲስክ ግዙ። ለፈጣኑ የተመደበው ገንዘብ ሁለተኛ 175 ግራም ዲስክ ቢገዛበት፣ አንዱ ዛፍ ላይ ሲቀር ልምምዱ አይቋረጥም።